ድቡን የሚገድለው ብስኩቱ ነው

ሩማኒያ ውስጥ የካርፓቲያን ተራሮችን አቋርጦ የሚያልፍ ትራንስፋጋራሻን የተባለ መንገድ አለ። በቀድሞው የአገሪቱ መሪ በኒኮላይ ቻውሼስኩ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1974 የተሠራ ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,042 ሜትር ይደርሳል። በብርዱ ወራት በበረዶ ተዘግቶ ይከርምና ሙቀቱ ሲመጣ ከመላው አውሮፓ መኪናና ሞተር ሳይክል ይጎርፍበታል። በቪድራሩ ግድብ አካባቢ ባሉት ጠመዝማዛዎች ላይ ተሽከርካሪዎች ድንገት ተደርድረው ይቆማሉ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ድብ ተቀምጧል፤ አንዳንዴም ልጆቿን ያስከተለች እናት ናት። መስኮት ይከፈታል፣ ብስኩት ይወረወራል፣ ስልክ ይወጣል። ድቡ የተወረወረለትን ለቅሞ ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋል። እንስሳቱን መመገብ ክልክል መሆኑን የሚናገረው ሰሌዳ እዚያው መንገድ ዳር ተተክሏል።

ይህን ትዕይንት የፈጠረው አስተሳሰብ የሩማኒያ ብቻ አይደለም። አስጎብኚውም፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም፣ ልጆቹን ይዞ የመጣው አባትም ይስማሙበታል። ጎብኚ የሚመጣው አውሬውን በቅርብ ለማየት ነው፤ አውሬ የሚቀርበው ሲበላ ነው፤ አንድ ብስኩት ደግሞ ማንንም አይጎዳም። ከሦስቱ የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ነው። ሦስተኛው የሰውም የድብም ሕይወት እያስከፈለ ነው።

በ2025 ጁላይ መጀመሪያ ላይ አንድ ጣሊያናዊ ሞተረኛ በዚሁ መንገድ ከድብ አጠገብ ፎቶ ሲነሳ ቆይቶ በድብ ተገደለ። ድቡም ታድኖ ተገደለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቡቼጂ ተራሮች አንዲት የ19 ዓመት ተጓዥ በድብ ስትሞት አገሪቱ በሐዘንና በቁጣ ተናወጠች፤ ፓርላማው ከእረፍት ተጠርቶ በዓመቱ 481 ድቦች እንዲገደሉ ፈቀደ። ቀድሞ የተፈቀደው 220 ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ቀረ፤ አንዱ «ድቦቹ ውብ ናቸው፣ ተዉአቸው» ይላል፣ ሌላው «በዝተዋል፣ ግደሏቸው» ይላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ሳይነኩ አልፈውታል። ዋናው ነገር ምግቡ ነው። ከሰው እጅ፣ ከሰው መኪና፣ ከሰው ቆሻሻ ገንዳ የሚገኘው ምግብ።

አንድ ጊዜ መብላት ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ ከጃፓን የመጣ መልስ አለ። በሆካይዶ ደሴት በሺሬቶኮ ባሕረ ገብ መሬት የምትኖር፣ የጥበቃ ሠራተኞች 97ቢ-5 የሚል መለያ የሰጧት አንዲት ወጣት ድብ ነበረች። መጀመሪያ ሲያዩዋት እንደማንኛዋም የጫካ ድብ ነበረች። አንድ ቀን አንድ ጎብኚ ከመኪናው ቋሊማ ወረወረላት። ከዚያ ወዲህ መኪና ባየች ቁጥር ትቀርብ ጀመር። ሠራተኞቹ ሊያባርሯትና ሊያስደነግጧት ደጋግመው ሞከሩ፤ እሷ ግን ሰው ማለት ምግብ ማለት መሆኑን አንዴ አውቃለች። በዓመቱ ጸደይ ከተማ ገብታ ትምህርት ቤት አጠገብ የሞተ አጋዘን ስትበላ ተገኘች። ሕፃናት በሚመላለሱበት ቦታ ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ በጥይት ተመታች። ሰው አልነካችም፣ ማንንም አላቆሰለችም። ታሪኳ በካርድ ታትሞ ለጎብኚዎች ሲታደል ቆይቷል፤ የተሰጣትም ስም ያችው ቋሊማ ናት።

የድብን ኑሮ ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። ድብ የብርዱን ወራት ተኝቶ ለማሳለፍ የሚበቃውን ስብ በጥቂት ወራት ውስጥ ማጠራቀም አለበት። በአሜሪካ የሎውስቶን አካባቢ ያሉ ግሪዝሊ ድቦች ከፍተኛ ተራራ ላይ ወጥተው ድንጋይ እየፈነቀሉ የእሳት እራት ይለቅማሉ፤ አንድ ድብ በቀን እስከ 40,000 እራት ሊበላ ይችላል። ሥር ይቆፍራል፣ የጥድ ፍሬ ሽኮኮ ከቀበረበት ያወጣል፣ ቅጠል ይግጣል። ለእንዲህ ዓይነት ፍጡር አንድ ቁራጭ ኬክ የብዙ ሰዓት ድካም ዋጋ ነው። ስለዚህ ያገኘበትን ቦታ፣ ሽታውን፣ የሰጠውን ፍጥረት መልክ አይረሳም። እናት ከሆነች ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓመት ለሚከተሏት ልጆቿ ታስተምራለች። አባት ከመኪና ሆኖ «አንድ ብቻ» እያለ የሰጠው ብስኩት ለሚቀጥለው ትውልድ ድብ ትምህርት ሆኖ ይተላለፋል።

የሎውስቶን ከተነሳ፣ ሩማኒያ ዛሬ የምትሄድበትን መንገድ ይህ ፓርክ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሄዶበታል። ፓርኩ በ1872 ሲቋቋም በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሆቴሎች ተሠሩ፤ ሆቴሎቹ የወጥ ቤታቸውን ትርፍራፊ ከጓሮ ይደፉ ጀመር። ድቦች መጡ። እንግዶች እራታቸውን በልተው ድብ ለማየት ወጡ። ድብን በእጅ መመገብ በ1902 በደንብ ተከለከለ፤ ደንቡ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ሆራስ ኦልብራይት ራሱ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ከድቦች ጋር ማዕድ የቀረበበት ፎቶግራፍ ከ1922 ተቀምጦ ይገኛል። ትልቁ ማሳያ የመጣው በ1931 ነው፤ ካንየን በተባለው ሰፈር አጠገብ፣ ኦተር ክሪክ ላይ፣ በኮረብታው ጥግ እንደ ስታዲየም የተደረደሩ የእንጨት መቀመጫዎች ተሠሩ። ከፊታቸው ባለው የሲሚንቶ መደብ ላይ ቆሻሻው ይፈስሳል፤ ግሪዝሊዎቹ ሲመሽ ከጫካ እየወጡ ይሻማሉ፤ የፓርኩ ሠራተኛ ለተመልካቹ ማብራሪያ ይሰጣል፣ መሣሪያ የያዘ ጠባቂም ይቆማል። መንገድ ዳር ያሉት ጥቁር ድቦች ደግሞ ከመኪና ወደ መኪና እየዞሩ ይለምኑ ነበር። በ1958 የሽርሽር ቅርጫት የሚሰርቀው ዮጊ የተባለው የካርቱን ድብ በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ልማዱ ለሕፃናት ሳይቀር የሚወደድ ጨዋታ ሆነ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ1931 እስከ 1969 በየሎውስቶን በድብ የሚቆስሉ ሰዎች በአማካይ በዓመት 48 ነበሩ። በ39 ዓመት ከ1,800 በላይ ሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ በየዓመቱ ከ100 በላይ የንብረት ጉዳት ይመዘገብ ነበር። የተነከሰው ሁሉ ክፉ ድብ የገጠመው አይደለም፤ አብዛኛው ያው «ምንም አይልም» የተባለ ለማኝ ድብ ነው። አንዱ ቁራሽ ይዘገይበታል፣ አንዱ የያዘው ምግብ ያልቃል፣ አንዱ ልጁን ከድቡ ጎን ሊያስቆም ይሞክራል።

ከዚህ የከፋው በሰሜን በኩል በግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ ደረሰ። ግራናይት ፓርክ የሚባል ተራራ ላይ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ትርፍራፊ ከጓሮ ሲደፋ ግሪዝሊዎች በየምሽቱ ይመጣሉ፣ እንግዶችም ቆመው ያያሉ። ያ ምሽት የማረፊያው መስህብ ነበር። በ1967 ኦገስት 13 ሌሊት ከማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ድንኳን ሳይተክሉ ከተኙ ወጣቶች አንዷ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ በግሪዝሊ ተጎትታ ሞተች። በዚያው ሌሊት በፓርኩ ሌላ ጥግ፣ ከሰው ምግብ መስረቅ በለመደ ሌላ ግሪዝሊ ሌላ የ19 ዓመት ወጣት ተገደለች። ፓርኩ በ1910 ከተከፈተ ወዲህ ግሪዝሊ ሰው ሲገድል የመጀመሪያው ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመት ምንም ያልሆነ ነገር በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሲሆን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የአሜሪካ ፓርኮች ትምህርት የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። የሎውስቶን በ1970 አዲስ አሠራር ጀመረ፤ ክፍት የቆሻሻ መጣያዎች ተዘጉ፣ ድብ የማይከፍታቸው ገንዳዎች ተተከሉ፣ ሰባ ዓመት ያህል የተኛው ክልከላ በተግባር መተርጎም ጀመረ። ነገሩ ያለ ሕመም አልሄደም። ድቦቹን ለዓመታት ያጠኑት ወንድማማቾቹ ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ መጣያዎቹ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ እንዳይዘጉ አጥብቀው ተከራክረው ነበር፤ አልተሰሙም። ከሰው ትርፍራፊ ላይ ያደጉ ድቦች ምግባቸው ሲቋረጥ ወደ ድንኳንና ወደ ሰፈር ዞሩ፣ በብዛትም ተገደሉ። በ1975 በአካባቢው የቀሩት ግሪዝሊዎች 136 ያህል ብቻ እንደሆኑ ተገመተ፤ በዚያው ዓመትም በሕግ ጥበቃ ሥር ገቡ። እነዚያ ድቦች የሞቱት በመጣያው መዘጋት ብቻ አይደለም። የሞት ፍርዳቸው የተጻፈው መጣያው ሲከፈት ነው።

ዛሬ በየሎውስቶንና በዙሪያው ወደ 1,000 የሚጠጉ ግሪዝሊዎች አሉ። በፓርኩ ውስጥ በግሪዝሊ የሚቆስለው ሰው በዓመት በአማካይ አንድ ያህል ሆኗል። ታዲያ ጎብኚው ቀረ? በ1970 ወደ ፓርኩ የገባው ሰው 2.3 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ2021 ከ4.8 ሚሊዮን በላይ ገባ። ሰዎች አሁንም መንገድ ዳር ድብ ለማየት ይሰለፋሉ፤ ልዩነቱ ድቡ ሣር እየጋጠ ወይም ሥር እየቆፈረ ለመኪናው ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በ2014 የታተመ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት የፓርኩን ጎብኚዎች ጠይቆ፣ ድብን ከመንገድ ዳር የማየት ዕድሉ እንዳይቀር ከመግቢያው ሌላ 41 ዶላር ያህል ለመጨመር ፈቃደኞች መሆናቸውን አገኘ። ዕድሉ ቢቀር አካባቢው በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይና 155 ያህል የሥራ ቦታዎች ያጣል። የሚከፈለው ለማኝ ላልሆነው ድብ ነው።

በጎረቤት ግራንድ ቲተን ፓርክ 399 በሚል ቁጥር የምትታወቅ ግሪዝሊ ነበረች። በመንገድ ዳር ልጆቿን እያሳደገች፣ በ2020 አራት መንታ ይዛ ከዋሻዋ ብቅ ስትል ዓለም ያያት ድብ ናት። ይህች ድብ በ2007 ሰው አቁስላለች፤ ኤልክ የተባለ አጋዘን ሞቶ አግኝታ እየበላች ሳለ አንድ ተጓዥ ሳያስበው ደረሰባት። የፓርኩ ኃላፊዎች አልገደሏትም፤ ምክንያቱም ያደረገችው ማንኛዋም እናት ድብ ምግቧንና ልጆቿን ስትጠብቅ የምታደርገውን ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረች፤ በ2024 በ28 ዓመቷ መኪና ገጭቷት ሞተች። ሰው አቁስላ የኖረችውን ድብ ማንንም ሳትነካ ከተገደለችው የሺሬቶኮ ድብ ጋር ማወዳደር ይገባል። አንዷ ሰውን እንደ ምግብ ቤት አላየችም፣ ሌላዋ እንድታይ ተደረገች።

ቀርቦ ማየት ያለ ምግብ አይሆንም የሚሉ ወደ አላስካ ይሂዱ። በማክኒል ወንዝ የዱር እንስሳት መጠለያ ሳልመን ዓሣ ፏፏቴውን ሊወጣ ሲታገል በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ ቡናማ ድቦች ይሰበሰባሉ። ከ1973 ጀምሮ በቀን የሚገባው አሥር ጎብኚ ብቻ ነው፤ በዕጣ ተመርጦ፣ ከመጠለያው ሠራተኛ ጋር። ተመልካቹ አጥር በሌለው ጠጠር ላይ ቁጭ ይላል፤ ድቦቹ በጥቂት ሜትር ርቀት ያልፋሉ፣ እናቶችም ልጆቻቸውን እዚያው ያጠባሉ። አሠራሩ ከተጀመረ ወዲህ በድብ የተጎዳ ጎብኚ የለም። ሚስጥሩ ሜትር አይደለም። አንድም ድብ ከአንድም ሰው አንዲት ቁራሽ አግኝቶ አያውቅም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለማመን አላስካ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንካበር ወዲያ ጭላዳ መንጋ መካከል ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ በእጅ መዳረሻ ያህል ይቀርባሉ፣ ለሰው ግድ የላቸውም፤ የሚበሉት ከመሬቱ እንጂ ከሰው ኪስ አይደለምና። በሐዋሳ አሞራ ገደልና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ባሉ ብዙ ማረፊያዎች ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። ጦጣው ከጎብኚ እጅ ይበላል፣ ነገ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፣ ከነገ ወዲያ ወንጭፍ የያዘ ዘበኛ ይቀጠርለታል። ያስለመደው እንግዳ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ድንጋዩን የሚቀበለው ጦጣው ነው።

«ጎብኚውን ማስተማር ነው» የሚለው መፍትሔ ደጋግሞ ይሰማል። ጥሩ ነው፣ አይበቃም። የሎውስቶን ክልከላውን ሰባ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ይዞ ኖሯል። ለውጡ የመጣው ገንዳው ሲቀየርና ሕጉ ሲሠራ ነው። ሩማኒያ ውስጥ ይህን የተረዳች ትንሽ ከተማ አለች፤ ባይሌ ቱሽናድ ትባላለች፣ በሃርጊታ አውራጃ የምትገኝ የማዕድን ውሃ መዝናኛ ከተማ ናት። ድብ በየጓሮው እየገባ ሕዝቡን ሲያስጨንቅ፣ ከተማዋ ድብ የማይከፍታቸው ገንዳዎች አስቀመጠች፣ ቤቶችንና ጓሮዎችን በኤሌክትሪክ አጥር አስከበበች፣ ድብ የሚስቡ የፍራፍሬ ዛፎችን ጉዳይ አነሳች። የድብ ጉዳት በግልጽ ቀነሰ። በጎችን የሚጠብቀው እረኛ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ገበሬ የሚፈልገው ይህን ነው እንጂ ከቡካሬስት የሚታወጅ ቁጥር አይደለም። የግድያ ኮታ የትኛው ድብ ከመኪና እንደሚለምን አያውቅም፤ አዳኝ የሚመርጠው ትልቁን ነው፣ ችግር ፈጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ያደገው ወጣቱ ወይም ልጆች የያዘችው እናት ነው። ገንዳው ክፍት ሆኖ 481 ቢገደል የ482ኛው ተራ ይመጣል።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ጠንካራው መቃወሚያ ሐረር ነው፤ በቅንነት መመለስ ይገባዋል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅብ በእጅና በአፍ በተያዘ እንጨት ሥጋ ይጎርሳል፤ ይህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል፣ ከተማዋን በዓለም አስጠርቷል፣ ጎብኚም አጉርሶ ሄዷል። ይህ ሁሉ እያለ ጅቦቹ በቀን ገበያ ገብተው ሰው አይበሉም። ታዲያ መመገብ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

የሐረሩ የከተማው ሰው ልማድ እንጂ የቱሪስት ልማድ አይደለም። ጅቦቹ በግንቡ ቀዳዳዎች እየገቡ የከተማውን አጥንትና ቆሻሻ ሲያጸዱ የኖሩት ጎብኚ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ በአሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ የሚቀርብላቸውም በከተማው ሰው እምነት ነው። ምግቡ የሚሰጠው በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ጅቦቹን አንድ በአንድ በስም በሚጠራ ሰው እጅ ነው። በትራንስፋጋራሻን ላይ ግን ሰጪው በየደቂቃው የሚለዋወጥ መንገደኛ ነው፣ ቦታው አንድ ሙሉ አገር አቋራጭ ጎዳና ነው፣ ድቡን የሚያውቀው ማንም የለም። የሐረርን ጥበብ ከሐረር ውጭ ማንሳት አይቻልም። በሐረርም ቢሆን የሚያሰጋው ነገር እያደገ ነው፤ ከተማው ለጅቡ ይሰጥ የነበረውን ቦታ ትርዒቱ እየወሰደው ነው። በየምሽቱ እንጨቱ ከመጋቢው አፍ ወደ እንግዳው አፍ ይዞራል፣ ጅቡ እንግዳው ትከሻ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ፎቶው ይሸጣል። የከተማው አስተዳደርም ሆነ መጋቢዎቹ ራሳቸው ከዛሬ ጀምሮ ሊወስኑት የሚገባ ነገር አለ፤ እንጨቱ በእንግዳ እጅ መግባት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው። መልሱ የለበትም ነው፤ እንግዳው ከአምስት ሜትር ተቀምጦ ቢያይ የሚጎድልበት ነገር የለም፣ ጅቡም ሥጋ የሚሰጠውን ሰው ከማንኛውም መንገደኛ ለይቶ ማወቁን አይረሳም።